የተደበቀ ሬዲዮ ፍለጋ፦ በእጅ ሬዲዮ ብቻ ወይስ በያጊ አንቴና?

ጨዋታው የሬዲዮ ኩኩሉ ነው። ፈቃድ ያለው የአማተር (የትርፍ ጊዜ) ሬዲዮ ተጠቃሚ ትንሽ ማስተላለፊያ ይደብቃል፤ ሌሎቻችን ምልክቱን ተከትለን እንፈልጋለን። ጎንደር ላይ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ በምን ልፈልግ የሚል ነው።

ወጪ፦ የእጅ ሬዲዮ ካላችሁ ሌላ ነገር አትገዙም። ለያጊው፣ ማለትም ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣን ምልክት አጉልቶ ለሚቀበለው አንቴና፣ የብረት ሜትር፣ የፕላስቲክ ቱቦና ኬብል ያስፈልጋል። ሜትሩን ቆርጦ መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ደስ ይላል።

አቅጣጫ፦ የእጅ ሬዲዮውን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ምልክቱ በጣም ሲደክም ማስተላለፊያው ከጀርባችሁ ነው፤ ሰውነታችሁ ከልሎታል። ያጊው ደግሞ ምልክቱ ወደበረታበት ይጠቁማል። ከጎሃ ኮረብታ ሆኖ ከተማውን ለመቃኘት የሚወዳደረው የለም።

ስጋት፦ ዋናው ችግር ስትቀርቡ ነው። ምልክቱ በየአቅጣጫው ሙሉ ይሆናል፤ ያጊ የያዘውም ግራ ይጋባል። ያኔ ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲውን አዳምጡ። ማስተላለፊያው 145.3 ሜጋኸርዝ ላይ ከሆነ 435.9 ላይ ደከም ብሎ ይሰማል። ሁለቱንም ፍሪኩዌንሲዎች መቀበል የሚችል ሬዲዮ ግን ይፈልጋል።

የፋሲል ግቢን የመሰለ ወፍራም የድንጋይ ግንብና ተራራው ምልክቱን ያነጥሩታል። ስለዚህ የትኛውንም ብትይዙ ከሁለት ሦስት ቦታ ለክታችሁ ካርታ ላይ መስመር አስምሩ።

ፍለጋው አንድ ግቢ ወይም ሰፈር ውስጥ ከሆነ የእጅ ሬዲዮው ይበቃል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ከሆነ ግን ያጊውን ያዙ።