ከአፈሩ ጋር ያልተስማማው ዲቴክተሬ፦ የ8 ወር ልምድ

የመጀመሪያዬን ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረትና ሳንቲም መፈለጊያ መሣሪያ፣ ከገዛሁ 8 ወር ሞላኝ። ዛሬ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ያለፈው ሳምንት ነው። አንድ ወዳጄ የራሱን መሣሪያ ለግማሽ ቀን አዋሰኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቴ አልበረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምፈልግበት ቦታ ቀይ አፈር ነው። መሣሪያዬን ከፍቼ ኮይሉን፣ ማለትም መሬት ለመሬት የሚሄደውን ክብ ሳህን፣ ማወዛወዝ ስጀምር ይንጫጫል። አንዴ ወፍራም ድምፅ፣ አንዴ ቀጭን። የተገኘውን የብረት ዓይነት የሚጠቁመው የስክሪኑ ቁጥር 12 ይላል፣ ወዲያው 71፣ ወዲያው 38። እቆፍራለሁ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ጠዋት 9 ጉድጓድ ቆፍሬ በእጄ የገባው አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ማግኔት ሳስጠጋው ልጥፍ አለ። ሲያስጮኸኝ የነበረው እሱ ኖሯል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች «ሆት ሮክ» ይሉታል፤ የብረት ማዕድን ያለበት ድንጋይ ነው።

ለወራት ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። እጄ ፈጥኖ ይሆናል አልኩ። ኮይሉን ከመሬት አርቄው ይሆናል አልኩ። ባትሪ ቀየርኩ። የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት አካባቢ ዲቴክተር እንደሚረበሽ ስሰማ ከምሰሶዎቹ ራቅኩ። ለውጥ የለም።

ጥፋቱ ግራውንድ ባላንስ ነበር። መሣሪያዬ ላይ ማስተካከያው የለም። ከፋብሪካ ሲወጣ በአንድ ልክ ተቆልፎ ነው የመጣው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ ስገዛ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኮይሉ ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ የተቀበረ ሳንቲም ሲያገኝ ሳንቲሙ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶች ይሽከረከራሉ። ጅረቶቹ በተራቸው የራሳቸውን መስክ ይፈጥራሉ፤ መሣሪያው የሚሰማው ያንን ነው። ችግሩ አፈሩም ይመልሳል። የብረት ማዕድን የበዛበት አፈር የሚመልሰው ምልክት ከአንድ ትንሽ ሳንቲም ምልክት በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ግራውንድ ባላንስ ማለት መሣሪያውን «ይኼ አፈር ነው፣ እለፈው» ብሎ ማስለመድ ነው። የእኔው የለመደው አንድ ዓይነት አፈር ብቻ ነው። ያ አፈር ደግሞ የእኔ አይደለም።

ወዳጄ መሣሪያውን ሲሰጠኝ «መጀመሪያ ምንም የሌለበት ቦታ ምረጥ» አለኝ። «ቁልፉን ተጭነህ ያዝና ኮይሉን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው።» አደረግኩ። አምስት ስድስቴ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ጩኸቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በዚያ ሜዳ ላይ በ8 ወር ውስጥ የመሣሪያ የመስማት ኃይል ሳልቀንስ ጸጥታ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወደነዚያ 9 ጉድጓዶች ሄድኩ። ደፍኜ የረገጥኩት አፈር ገና መልኩ ከዙሪያው ይለያል። ከአንደኛው ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። ከግራ ወደ ቀኝ ሳልፍ አለ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ስመለስም አለ። ቁጥሩም አልዋዠቀም። ከመቆፈሬ በፊት የራሴን መሣሪያ አምጥቼ እዚያው ላይ አሳለፍኩት። ያው የተለመደው ጫጫታ። ቆፈርኩ። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የፒንፖይንተሩ፣ ማለትም ጉድጓድ ውስጥ የምፈልግበት ትንሽ የእጅ ዲቴክተር፣ ጫፍ ነዘረ። አፈሩን በጣቴ ስፈረፍር አንዲት ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ወጣች። አረንጓዴ ሆናለች፤ ጥርሶቿ ግን አልተበሉም። መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ስንት ቀን በላይዋ አልፌያለሁ!

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ይኼ ለጀማሪ ነው፤ ማስተካከያ ሲበዛ ጀማሪን ግራ ያጋባል» ይለኛል። ወንድሜ፣ ጀማሪን ግራ የሚያጋባው 9 ባዶ ጉድጓድ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ኮይል ከፍ ዝቅ ማድረግ ሕፃንም ይችለዋል። «ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ዝቅ አድርግ» ይለኝ ይሆናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚንጫጫ መሣሪያን ዝቅ ማድረግ ያዋጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን በቀይ አፈር ላይ ዝም እስኪል ዝቅ ሳደርገው ከአራት ጣት በታች ያለ ሳንቲም አይሰማም።

ሳጥኑ ላይ ስለ ጥልቀት በትልቁ ተጽፏል። እኔም ሞኝ ሆኜ ሳይሆን የሚጠየቅ ሌላ ነገር መኖሩን ስላላወቅኩ የጠየቅኩት ስለ ጥልቀት ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ መሣሪያ ደህና አፈር ላይ ሳንቲም የሚያክል ነገር የሚያገኘው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቁ ቁጥር የሚመለከተው እንደ በርሜል ያለ ግዙፍ ዕቃን ነው። «የምትፈልግበት አፈር ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። በ1881 የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በጥይት በተመታው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለመፈለግ ሞክሮ አልተሳካለትም። ከምክንያቶቹ አንዱ የአልጋው የብረት ሞላ ነው ይባላል። የእኔም ነገር እንደዚያ አልጋ ነው፤ ከሥር ያለውን ሳያውቁ መፈለግ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ መሣሪያው ይሠራል። ቀላል ነው፣ ክንድ አያደክምም፣ ኮይሉ ውሃ አይፈራም። እዚያ ሳንቲሞች አግኝቼበታለሁ። ጨዋማ የባሕር ዳርቻ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ ጨው ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ብቻ የሚሠራ መሣሪያ እዚያ ይቸገራል። በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ጠይቁ።

ሌላም የቆጨኝ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቆርቆሮና ፎይል እንዳያስጮኸኝ ብዬ ዝቅተኛ ቁጥሮችን በሙሉ ዘግቼ ነበር። የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ፎይልና የቆርቆሮ መክፈቻ ቁጥር ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ምን እንዳለፈኝ ማወቂያ የለኝም። እናንተ የዛገ ብረትን ቁጥር ብቻ ዝጉ፣ ሌላውን ቆፍሩ። በባለመሬቱ ፈቃድ ቆፍሩ፤ ጉድጓዱንም ደፍናችሁ ሂዱ።

ገንዘቤን መልሼ ባገኝ ይህን መሣሪያ አልገዛውም። ስክሪኑ ያነሰ፣ ሳጥኑ ያላማረ፣ ግራውንድ ባላንስ ያለው እገዛለሁ። አሁንም ቢሆን ለመሸጥ አስቤያለሁ። ሊገዛኝ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አፈሩ ነው። ቀይ ነው ካለኝ አልሸጥለትም።