ተጠንቀቁ፦ ኒኬል የተነከረችው ሪቮልቨር አሁንም ገዢ እየፈለገች ነው

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ ነው። ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ያላችሁም አንብቡት። አንዲት ትንሽ ሪቮልቨር ሽጉጥ ከሰው ወደ ሰው እየዞረች ነው። ታላቅ ወንድሜ 30,000 ብር ቀብድ ከፍሎባት ነበር። ቀብዱ አልተመለሰም። ሽጉጧ ግን ከደላላው ጋር ተመልሳ ሄዳለች። ሰሞኑን ሌላ ገዢ እየተፈለገላት እንደሆነ ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚገዛት ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ዓይኑን ወይም ጣቱን ሊያጣባት ይችላል።

ወንድሜ የበግ ነጋዴ ነው። ከመንዝ በግ እየገዛ ደብረ ብርሃን ያወርዳል። አንዳንዴ አዲስ አበባ ድረስ ይዘልቃል፤ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ብር ይዞ መንገድ ላይ ይመሽበታል። የመሣሪያ ፈቃድ ለማውጣት ሂደቱን ጀምሮ ነበር፤ በሕጉ መንገድ። የፈለገውም ትልቅ ነገር አይደለም። ወገብ ላይ የማትከብድ፣ ካዝና የሌላት፣ አያያዟ ቀላል የሆነች ስድስት ጎራሽ። ሪቮልቨር ላይ አንድ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ምርጫው ላይ ጥፋት አልነበረም። ጉድ የሠራን ጥድፊያው ነው።

ደላላው አመሻሽ ላይ ቤት መጣ። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሏታል። ሲፈታት እንደ መስታወት አበራች። መላ አካሏ ኒኬል፣ እጀታዋ ነጭ። «ንጹህ ቤልጅግ ናት» አለን። ቤልጅግ የሚለው ስም እኛ ጋ ምን ያህል ክብር እንዳለው ታውቃላችሁ። ሸዋ ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች አንኮበር ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጡት ስጦታ መካከል ጠመንጃ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የአያት መሣሪያ ያላስቀመጠ ቤት ጥቂት ነው። ደላሎቹ ይህን አጥብቀው ያውቃሉ። ሰውየው ምላጯን ሳብ ሳብ አደረገው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው» አለ። የወንድሜ ልብ ቀለጠ። እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ አልያዝኩትም። ብሩን ቆጥሮ ሰጠው። ቀሪው ሽጉጧ ስትመጣ ሊከፈል ተባባሉ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሠራዊቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባሻ ነው የምንላቸው። እሑድ ደላላው ተመልሶ ሲመጣ ቡና አፍልተን ጠራናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው መጡ። ደላላው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ባሻ አልጋው ላይ ያለችውን የመንዝ ባና አጥፈው ጭናቸው ላይ አነጠፉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሽጉጧን ተቀብለው ገና ምንም ሳይናገሩ ከበሮዋን ከፈቱ። ከበሮ የምለው ጥይት የሚጎርሰውን፣ የሚሽከረከረውን ክብ ብረት ነው። ወደ መስኮቱ አቅንተው በስድስቱም ቀዳዳ ብርሃን ማለፉን አዩ። «ባዶ ነው ሲሉህ አትመን ልጄ። በዓይንህ እይ» አሉኝ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። የጥንቱ ሪቮልቨር መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልጎተታችሁት አይተኩስም። ደብል አክሽን የሚባለው ግን ምላጩን ስትስቡት ከበሮውን ያዞራል፣ መዶሻውን ያነሳል፣ ይለቃል። ሁሉንም በአንድ ስበት። ስለዚህ ጤናው ያለው ታይሚንጉ ላይ ነው፤ ልክ እንደ መኪና ሞተር። መዶሻው ከመውደቁ በፊት ከበሮው ዞሮ መቆለፍ አለበት። የጥይቱ ቀዳዳና የአፈሙዙ ቀዳዳ ፊት ለፊት ካልገጠሙ አረሩ የአፈሙዙን ከንፈር ይመታል። የተላጨው እርሳስ በጎን በኩል ይረጫል። ተኳሹ ላይ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ላይ።

ባሻ ምላጩን ቀጭ ቀጭ አላደረጉትም። መዶሻውን በአውራ ጣታቸው ቀስ፣ ቀስ እያሉ ጎተቱ። ጆሯቸውን አስጠግተዋል። ከበሮው ሲቆለፍ ትንሽ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው መዶሻው መያዝ ያለበት። የመጀመሪያው ቀዳዳ ተቆለፈ። ሁለተኛው አልተቆለፈም፤ መዶሻው ቀደመው። ሦስተኛው፣ አራተኛው ደህና። አምስተኛው ጭራሽ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ነው ቦታው የገባው። ደላላው በፍጥነት ሲስባት ያላየነው ይህን ነው። በፍጥነት ስትሳብ ከበሮው በራሱ ግፊት ዞሮ ቦታው ይገባል፤ ጉድለቱ አይታይም። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ስድስቱንም። አንዱ ጥሩ ሆነ ብላችሁ አታቁሙ።

ቀጥሎ መርፌ ጠየቁ። እናታችን ከጥልፍ ዕቃዋ አንዲት አመጣችላቸው። ባሻ የአፈሙዙን የኋላ አፍ፣ ከከበሮው ጋር የሚገናኝበትን፣ በመርፌዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ግራጫ ቅርፊት ባናዋ ላይ ወደቀ። እህል የሚያክል። «ይህ እርሳስ ነው። ይቺ ሽጉጥ አረር ስትላጭ ኖራለች» አሉ። ከዚያ ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸው ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ አሳዩን። በሥራ ላይ እያሉ፣ አንድ እንዲህ ያለ ሪቮልቨር ከጎናቸው ሲተኮስ ያተረፉላት ናት። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ መዶሻውን ወደ ኋላ ስበው አቆሙት። ምላጩን ሳይነኩ በአውራ ጣታቸው መዶሻውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ወደቀ! ጤነኛ ሽጉጥ ሲገፋ አይለቅም። ይህች ግን የውስጥ መያዣዋ ተበልቷል። ቤት ውስጥ ልጅ ያላችሁ አስቡት።

በመጨረሻ ወረቀት። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት በደህና ሪቮልቨር ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ወረቀት ይገባል፣ ሁለትም ሊገባ ይችላል። በዚህች አራት ወረቀት ደራርበን ያለ ችግር አለፈ። ከዚያ ክፍተት ትኩስ ጋዝ ይወጣል። ጥሩ ሪቮልቨር ላይ እንኳ ጣታችሁን ከከበሮው ፊት አታድርጉ፤ በዚህች ላይማ አይወራ።

ኒኬሉስ? ኒኬል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከዝገት ይጠብቃል። ግን አርጅቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣ ብረት ተሞርዶ እንደገና ሲነከር ሁሉን ይሸፍናል። ባሻ ሽጉጧን ወደ መብራት አዘንብለው የጎኗን ጠርዝ አሳዩን። ስለታም መሆን የነበረበት ጠርዝ ክብ ሆኗል፤ ተሞርዷል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ደግሞ ዝቅ ብሏል። ደላላው የሰጠን የፈቃድ ፎቶ ኮፒ ላይ ቁጥሩ በ8 ያልቃል። ብረቱ ላይ ያለው በ3። ይህን ስናሳየው «የቆየ ዕቃ እኮ ነው፣ ጠፍቶ ነው» አለ። 8 ጠፍቶ 3 ቢመስል እንኳ፣ ሌሎቹ ቁጥሮች ለምን አዲስ ይመስላሉ?

ቤልጅግ ነው ስለተባለውም። ሊዬዥ የምትባለው የቤልጅየም ከተማ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያ የሚፈተሽበት ቤት አላት። እዚያ የተፈተነ ሽጉጥ ከበሮው ላይ ማህተም ይመታበታል። ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ፤ ከ1893 ወዲህ ከላዩ ዘውድ ተጨምሮበታል። የእኛይቱ ላይ ምንም የለም። ባሻ እንዳሉት የስፔን ቅጂ ሳትሆን አትቀርም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤይባር በምትባል የስፔን ከተማ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ሽጉጥ መልክ የያዙ ሪቮልቨሮች በብዛት ይሠሩ ነበር። ደህናዎች አሉባቸው። ብረታቸው ለስላሳ የሆነም ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ። ደላላው «ምርቃት» ብሎ 12 ጥይት ሰጥቶን ነበር። ሽጉጧ ባለ 32 ካሊበር ናት (ካሊበር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው)፤ ጥይቷ ቀለሁ መቀመጫው ላይ ሰፊ ጠርዝ ያለው የሪቮልቨር ጥይት ነው። እሱ የሰጠን የ7.65 ብራውኒንግ ጥይት ነው፤ ለአውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራ። ችግሩ መግባቱ ነው። ከበሮው ውስጥ ስልት ብሎ ይገባል። ግፊቱ ግን ከሽጉጧ ጥይት ይበልጣል። አሮጌ፣ ከመሃሏ ተሰብራ የምትከፈት ሪቮልቨር ይህን እንድትችል ሆና አልተሠራችም። «ከገባ ይሠራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከእሱ ምንም አትግዙ።

ጥይት ካነሳን አይቀር፦ ጥይቱ የማይገኝ ሽጉጥም አትግዙ። ቬሎዶግ የሚባሉ ጥቃቅን የድሮ የኪስ ሪቮልቨሮች አሉ። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ብስክሌት ነጂ ከውሻ እንዲከላከልባቸው የወጡ ናቸው። መልካቸው ያምራል፤ የ5.75 ሚሊሜትር ጥይታቸውን ግን ከየት ታመጣላችሁ? የሩሲያው ናጋንም ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ሰባት ጎራሽ። ነገር ግን የራሱ የሆነ ረጅም ጥይት አለው። መዶሻው በአውራ ጣት ሳይጎተት ምላጩ በቀጥታ ሲሳብም እጅግ ከባድ ነው።

22 ካሊበር ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር። የ22 ጥይት የሚመታው መሃሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። አሮጌውን ባዶውን ቀጭ ቀጭ ስታደርጉት መምቻው የቀዳዳውን ከንፈር ይመታል፣ ያጣምመዋል፤ ከዚያ ጥይት አልገባም ይላል። ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ ካያችሁ ከንፈሮቹን በደንብ እዩ።

አሮጌ ሪቮልቨር ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችልም እወቁ። ብዙዎቹ መዶሻው ጥይቱ ላይ ተደግፎ ነው የሚያርፈው። በ1944 እ.ኤ.አ. አንድ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን መርከብ ላይ ወድቆ ተኩሶ መርከበኛ ገደለ፤ ኩባንያው መዶሻው ጥይቱን እንዳይነካ የሚያግደውን ማገጃ እንደገና የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ማገጃ የሌለው የያዘ ሰው መዶሻው ሥር ያለውን ቀዳዳ ባዶ ይተወው። ስድስት ጎራሽ አምስት ብቻ ትጉረስ።

ሌላው ወጥመድ ለድምፅ ብቻ የተሠራውን ቀይረው እንደ እውነተኛ የሚሸጡት ነው። ብዙ ጊዜ አካሉ ዚንክ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከበሮውና አፈሙዙ ማግኔት ካልያዙ ተነሱና ውጡ። ፒ.ኤ.ኬ. የሚል ካየሁ (የድምፅ ጥይት ምልክት ነው) እኔ እጄን አላነሳም። እንዲህ ያለው ብረት እውነተኛ ጥይት ሲጎርስ እጅ ውስጥ ነው የሚፈነዳው።

ስለ ሕጉ አጭር ልበል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የሌላ ሰው ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ለእናንተ ምንም አይደለም። ቁጥሩን መጀመሪያ ፖሊስ ይየው። ከዚያ በፊት ቀብድ የሚባል ነገር አይኑር፤ አንድ ሺህም ቢሆን። የወንድሜ 30,000 ብር የሄደው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ደላላው ባሻ ሲጨርሱ ሽጉጧን ጠቅልሎ ተነሳ። ብሩን ስንጠይቀው «ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። የወንድሜ ሃያ በግ ከነበረበት አሥራ አራት ቀርቶለታል።

ለፖሊስ አመልክተናል፤ ሁለቱንም ቁጥር ሰጥተናል። እናንተ ጋ ከመጣች በዚህ ታውቋታላችሁ፦ ነጩ እጀታዋ በቀኝ በኩል ከታች ተሰንጥቆ በሱፐር ግሉ ተጣብቋል፤ የተጣበቀበት መስመር ቢጫ ሆኗል። በግራ ጎኗ ቁጥሩ ያለበት ቦታ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሏል። መዶሻዋን ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱ አምስተኛው ቀዳዳ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ይዟት የሚመጣው ሰው ነገ ጠዋት ሌላ ገዢ እንደሚወስዳት ይነግራችኋል። እሱ ተመልሶ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ቅርባችሁ ላለው ፖሊስ ንገሩ።