የሌድ ዜፔሊን ቀደምት ኮንሰርቶች፦ የትኛው ቅጂ ለማን ይሆናል?

ሌድ ዜፔሊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በቆየበት ዘመን ያወጣው የላይቭ አልበም አንድ ብቻ ነው። «ዘ ሶንግ ሪሜይንስ ዘ ሴም» ይባላል፤ የወጣው በ1976 ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው የባንዱን ኮንሰርት መስማት ሲያምረው መጀመሪያ እጁ የሚገባውም እሱ ነው። ችግሩ ከሁሉም ደካማው እሱ መሆኑ ነው። በዚህ የሚጣላኝ አይጠፋም፤ ምክንያቴን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ድራመሩ ጆን ቦናም በ1980 ሞተ፤ ባንዱም በዚያው አበቃ። ሌሎቹ ቅጂዎች ብቅ ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያውም እጅግ ዘግይተው። በ1969 የተቀዳ ኮንሰርት በ2014 ወጣ። በ1970 እና በ1972 የተቀዱት በ2003 ወጡ። ስለዚህ ስትገዙ ሽፋኑ ላይ ያለውን የኅትመት ዓመት አትከተሉ። የተቀዳበትን ቀን ፈልጉ። ይህ ባንድ በአራት ዓመት ውስጥ ድምፁም አመሉም ተቀይሯል።

ለውጡን ቶሎ ለመያዝ አንድ ዘፈን ይበቃል፦ «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊዩዝድ»። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ ጊታሩን በቫዮሊን ደጋን የሚገዘግዝበት ዘፈን ነው። (መሠረቱ ጄክ ሆልምስ የተባለ አሜሪካዊ በ1967 ያወጣው ሥራ ነው፤ ነገሩ ኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።) በ1969 መጀመሪያ በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ቢቢሲ ስቱዲዮ ገብተው ሲጫወቱት ርዝመቱ ብዙም አልተለወጠም። ጥቅምት ላይ ፓሪስ ውስጥ 15 ደቂቃ ሆነ። ሚያዝያ 1971 ለንደን ላይ 18 ተኩል። ሰኔ 1972 ካሊፎርኒያ ላይ ከ25 አለፈ። ሐምሌ 1973 ኒውዮርክ ላይ ወደ 27 ተጠጋ። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይሄ አይገርመውም፤ ቤቱ ከሞቀ ዘፈኑ ሰዓት አያይም። ግን ሁሉም ሰው ያንን አይወድም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ ዘፈን ስንት ደቂቃ እንደምትታገሡ ራሳችሁን ጠይቁ።

ትዕግሥታችሁ አጭር ከሆነ «ቢቢሲ ሴሽንስ»ን ያዙ። ሬዲዮ ጣቢያው ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ ባንዱም በ1969 ስቱዲዮ በገባ ቁጥር አጠር፣ ጠበቅ አድርጎ ነው የተጫወተው። አራት ወጣቶች ገና ስማቸው ሳይገን ራሳቸውን ለማስተዋወቅ ሲሽቀዳደሙ ይሰማል። ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ «ኮሚዩኒኬሽን ብሬክዳውን» ሦስት ጊዜ ይመጣል። ፔጅ በየጊዜው ሶሎውን እንዴት እንደሚለዋውጠው ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ድግስ ነው። እራት እየሠራ ሙዚቃ ለሚከፍት ሰው ግን ያሰለቻል።

ሁለተኛው ዲስክ ሌላ ዓለም ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ ፓሪስ በሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት፣ ታዳሚ ባለበት የተቀዳ ነው። መድረኩን የሚመራው የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል ነው። እዚያ ላይ «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አለ። ልብ በሉ፣ ዘፈኑ ያለበት አልበም የወጣው በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ገና አያውቀውም። የጊታሩ መግቢያ ሲጀምር የሚጮህ የለም። የሚያፏጭ የለም። ሲያልቅ ደግሞ ለማንኛውም ጥሩ ዘፈን የሚሰጠውን ጭብጨባ ነው የሚሰጡት። ይህንን ከ1973ቱ የኒውዮርክ ቅጂ ጋር አከታትላችሁ ስሙት። ለእኔ ሁለተኛው ዲስክ የሚገዛው ለዚህ ብቻ ቢሆንም ዋጋውን ያወጣል።

እዚህ ጋ ሁለት ኅትመት አለ፤ ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ተጠንቀቁ። የ1997ቱ ሁለት ዲስክ ነው። የ2016ቱ «ኮምፕሊት» የሚል ቃል ተጨምሮበት ሦስት ዲስክ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ የቢቢሲ ማስተር ቴፑ ጠፍቶ የነበረ የ1969 ቅጂ አለ፤ የተገኘው አንድ አድማጭ ከሬዲዮ ቀድቶት ስለነበር ነው። «ሰንሻይን ዉማን» የሚባል፣ በየትኛውም የስቱዲዮ አልበማቸው ላይ የሌለ ዘፈንም ይዟል። ድምፁ ግን ከሬዲዮ የተቀዳ መሆኑ በግልጽ ያስታውቃል፤ ደረቅ ነው። ሁለቱ ዲስክ ያለው ሰው ለዚህ ብሎ እንደገና ሙሉ ዋጋ ባይከፍል አይጎዳም። አዲስ ገዢ ግን በቀጥታ ሦስቱን ይግዛ።

በፓሪስ ከተማ ኦሎምፒያ አዳራሽ የተቀዳውን ኮንሰርት ለመግዛት ደግሞ የላይቭ አልበም ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። በ2014 የመጀመሪያው አልበም እንደገና ሲታተም በዴሉክስ እትሙ ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ ነው የገባው። ባለ አንድ ዲስኩ እትም ላይ የለም፤ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል «ዴሉክስ» የሚለውን አይታችሁ ውሰዱ። የተቀዳው ጥቅምት 10 ቀን 1969 ነው። የዚህ ምሽት ውበቱ ጥድፊያው ነው። የ«ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ»ን መግቢያ ጥቂት ይነካኩና ሳይጨርሱት በቀጥታ ወደ «ኮሚዩኒኬሽን ብሬክዳውን» ይዘላሉ። ሁለተኛው አልበም የወጣው ከዚህ ኮንሰርት 12 ቀን በኋላ ስለሆነ «ሃርትብሬከር»ን ታዳሚው የሚሰማው ገና ሳይታተም ነው። የድምፅ ጥራቱ የሬዲዮ ነው። የስቱዲዮ አልበሙም አብሮ ስለሚመጣ፣ ከባንዱ ምንም ለሌለው ጀማሪ ይህ ከሁሉም የተሻለ ሂሳብ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ጥር 9 ቀን 1970፣ ሮያል አልበርት ሆል፣ ለንደን። የፔጅ 26ኛ የልደት ቀን ነበር። ይህ የሚገኘው በ2003 በወጣው፣ «ሌድ ዜፔሊን ዲቪዲ» ብቻ ተብሎ በሚጠራው ባለ ሁለት ዲስክ ሥራ ላይ ነው። ኮንሰርቱ በፊልም ተቀርጾ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ኖሯል። ድምፁ ዳግም ሚክስ ሲደረግ አዳራሹን ያህል ሰፍቶ ወጣ።

ምስሉን ማየት ያስፈልጋል። ጭስ የለም። ሌዘር የለም። በኋላ በ1973 የምናየው የሚያብረቀርቅ ልብስ የለም። ፔጅ ቅርጽ የተሠራበት እጅጌ አልባ ሹራብ ለብሷል፤ አያቱ የሰጡት ነው የሚመስለው። ካሜራው መድረክ ላይ፣ ከሙዚቀኞቹ ጎን ነው ያለው። ቦናም 21 ዓመቱ ነው። በ«ሞቢ ዲክ» ላይ ሌሎቹ ጥለውት ይወጣሉ፤ እሱ ዱላውን ወርውሮ ከበሮውን በባዶ እጁ መምታት ይጀምራል። በድምፅ ብቻ ስትሰሙት የድራም ሶሎ ረዘመ ብላችሁ ልትዘሉት ትችላላችሁ። ክንዱን እያያችሁ ግን አትዘሉትም። እኔ የድራም ሶሎ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ይሄን ግን ሳላቋርጥ ነው የማየው።

ሌላው ጥቅሙ ዲቪዲው በአጠቃላይ ከአምስት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። የ1973፣ የ1975 እና የ1979 ኮንሰርቶች ቁርጥራጭም አለው። በ1969 ለዴንማርክ ቴሌቪዥን የተጫወቱትም በተጨማሪነት ገብቷል፤ ወጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ይታያል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ የአልበርት ሆሉ ምሽት ለጆሮ ብቻ፣ ራሱን ችሎ በአልበም መልክ አልወጣም። መኪና ውስጥ የሚሰማ ነገር ለፈለገ ሰው አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ማጫወቻ እንዳላችሁ አረጋግጡ፤ የዛሬ ላፕቶፕ ብዙው የዲስክ ማስገቢያ የለውም። የሪጅን ኮዱንም እዩ፤ ከአሜሪካ የተላከ ዲቪዲ ሌላ አገር የተገዛ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ከዘፈኖቹ የተወሰኑት በባንዱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ስላሉ መጀመሪያ እዚያ ቀምሱት።

አንድ ብቻ ግዛ ብባል ግን የምገዛው ዲቪዲውን አይደለም። «ሃው ዘ ዌስት ወዝ ወን»ን ነው። ሰኔ 25 እና 27 ቀን 1972 ሎስ አንጀለስ ፎረም እና ሎንግ ቢች አሬና ላይ የተቀዳ ነው። ሁለቱ ምሽቶች ተቀጣጥለው እንደ አንድ ኮንሰርት ቀርበዋል፤ መገጣጠሚያውን ጆሮ አይለየውም። «ንጹሕ አንድ ምሽት ካልሆነ አልሰማም» የምትል አጥባቂ ከሆንክ ይሄ ይቆጠቁጥሃል። እኔን አልቆጠቆጠኝም።

ባንዱ እዚህ ላይ በጉልበቱ ጫፍ ነው። «ኢሚግራንት ሶንግ» በስቱዲዮ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ ሶሎም የለውም። እዚህ ፔጅ ሶሎ ይጨምርበታል። ፕላንትም ያን ከፍተኛ ጩኸት ገና ያለችግር ያወጣል። በሚቀጥለው ዓመት አይችለውም። «ዘ ኦሽን» እና «ዳንሲንግ ዴይስ» የተጫወቱት ደግሞ ዘፈኖቹ ያሉበት አልበም ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው።

ሦስት ዲስክ ስለሆነ አጠቃቀም አለው። አንደኛው ዲስክ ለሁሉም ነው፤ ፈጣኖቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው በአኩስቲክ የሚጫወቷቸው ሦስት ዘፈኖች። ሁለተኛው ከ25 ደቂቃ በላይ የሆነውን «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊዩዝድ»ና 19 ደቂቃ የሚሆነውን «ሞቢ ዲክ» አንድ ላይ ይዟል። በሥራ መሀል አትክፈቱት። ሦስተኛው ላይ «ሆል ሎታ ላቭ» 23 ደቂቃ ነው፤ ግን አይከብድም፤ መሀሉ ላይ የድሮ ሮክ ኤንድ ሮልና የብሉዝ ዘፈኖችን እያፈራረቁ ይጫወቱበታል። በ2018 እንደገና ሲታተም በሸክላም ወጥቷል፤ አራት ሸክላ ነው። ሸክላው ያምራል፣ ይወደዳል፣ ደግሞም በየሀያ ደቂቃው ትነሣላችሁ።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። «ዘ ሶንግ ሪሜይንስ ዘ ሴም» የተቀዳው ከሐምሌ 27 እስከ 29 ቀን 1973 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ነው። የረዥም የአሜሪካ ጉዞ የመጨረሻዎቹ ሦስት ምሽቶች ናቸው፤ ድካሙ ይሰማል። የፕላንት ድምፅ ወርዷል። ከዚያ ላይ የተሠራው ለፊልም ማጀቢያ ስለሆነ ተቆራርጧል። ለፊልሙ የጎደሉ ምስሎች ስለነበሩ በ1974 እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ መድረኩን አስመስለው እንደገና ቀርጸዋል፤ ባስና ኪቦርድ የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ ጸጉሩን ተቆርጦ ስለነበር ዊግ አድርጎ ነው የቀረበው። ካወቃችሁ በኋላ ከዊጉ ላይ ዓይናችሁን መንቀል አትችሉም።

ቢሆንም ባዶ አይደለም። «ኖ ኳርተር» እና «ዘ ሬይን ሶንግ» በ1972ቱ አልበም ላይ የሉም፤ እዚህ አሉ፤ ሁለቱም ግሩም ናቸው። የጆንስን ኪቦርድ የሚወድ ሰው ይህን መዝለል የለበትም። ከገዛችሁ የ2007ቱን ወይም ከዚያ ወዲህ የታተመውን ግዙ፤ በ1976ቱ ላይ ያልነበሩ ስድስት ዘፈኖች ተጨምረውበታል። አሮጌው ያገለገለ ሲዲ በርካሽ ሲቀርብ ያጓጓል፤ ግን ጎደሎ ነው።

ስለ ቡትሌግ፣ ማለትም ያለ ባንዱ ፈቃድ ስለሚወጣ ቅጂ፣ የሚጠይቅ ሁሌም አለ። የመጀመሪያው የሚታወቀው የኮንሰርት ቅጂ ታኅሣሥ 30 ቀን 1968 በአሜሪካ ስፖኬን ከተማ፣ ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ የተቀዳው ነው። መስከረም 4 ቀን 1970 ሎስ አንጀለስ የተቀዳው «ብሉቤሪ ሂል»ም ዝነኛ ነው። ማናጀራቸው ፒተር ግራንት እነዚህን ቀጂዎች አይምርም ነበር። ሁለቱም ለታሪክ ይሰማሉ። ድምፃቸው ግን በሰው መሀል የተያዘ መቅረጫ ድምፅ ነው፤ ከበሮው ይደፈናል፣ አጠገብ ያለው ሰው ያወራል። እንዲህ ያለ ቅጂ አሽጎ ውድ ዋጋ ለሚጠይቅ ሻጭ ገንዘብ አትስጡ፤ ከገንዘቡ ለባንዱ የሚደርሰው የለም።

ስትሪሚንግ ለሚጠቀም ሰው ከዲቪዲው በቀር የጠቀስኳቸው አልበሞች በሙሉ ይገኛሉ። የኦሎምፒያውን ለማግኘት የመጀመሪያውን አልበም ዴሉክስ እትም ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። የ1972ቱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ዳታ ይበላል፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት።