እኔን ያየህ ተቀጣ፦ «የመቶ ምግብ» የአለርጂ ምርመራ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። አሁን ነው ከዚያ የወጣሁት።

ታውቋቸዋላችሁ። «በአንድ ጊዜ ደም፣ የመቶ ምግብ አለርጂ» የሚሉትን። ነጭ ጋውን፣ ፈገግታ፣ ክፍያ በቅድሚያ። ሁለት ወር ሙሉ ትንኝ የነደፈኝ ይመስል ቆዳዬ እብጥ እብጥ እያለ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እኔም ዘው አልኩ።

ደሜን ቀዱ። ሽፍታው መቼ ይወጣል፣ ከምን በኋላ፣ ስንት ሰዓት ይቆያል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ውጤቱ ባለ ቀለም ወረቀት ነው። ወተት ቀይ፣ እንቁላል ቀይ፣ ስንዴ ቀይ። በየቀኑ የምበላው በሙሉ ቀይ! ቀምሼው የማላውቀው ሁሉ አረንጓዴ። እኔ ጅሏ ደግሞ «ለካ ይሄ ነው የጎዳኝ» ብዬ ሦስት ሳምንት ተራብኩ። ከሳሁ፣ ሽፍታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ለሐኪም አሳየሁት። ርዕሱ ላይ «አይጂጂ 4» የሚለውን በእስክሪብቶ አከበበው። አንቲቦዲ ነው፣ ሰውነት ለመከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን፤ የአለርጂው አንቲቦዲ ግን አይጂኢ የሚባለው ሌላ ነው አለኝ። አይጂጂ 4 ምግቡን እንደምትበዪው ብቻ ነው የሚናገረው። የአውሮፓ የአለርጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ለምግብ አለርጂ ምርመራ አይመከርም ብሎ ጽፎበታል።

በቀጥታ ተመልሼ ሄድኩባቸው። የሪሴፕሽኗ ልጅ ስልኳን እየነካካች ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ገለበጠችው። ታች ጥጉ ላይ በተቀባ ጥፍሯ ኳ ኳ አደረገች። አይን የሚያጠፋ ደቃቅ ጽሁፍ፦ «ይህ ምርመራ አለርጂን ለመለየት አያገለግልም።»

«ተጽፏል እኮ፣ እህቴ። ሳታነቢ ነው የፈረምሽው?»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከኋላዬ ወረፋ የያዘችውን ሴትዮ «ቀጣይ!» አለች። ሴትዮዋ ልጅ አቅፋለች። አንድ ነገር ልበላት ብዬ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ቲማቲም ስገዛ አንድ በአንድ የማገላብጥ ሰው፣ ለደሜ ሳላነብ ፈረምኩ።

ምክር ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ታሪካችሁን የሚጠይቅ ሐኪም ፈልጉ። የቆዳ ምርመራ ካዘዘ ውጤቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የማሳከክ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ምርመራውን ያሳስታል። ከ6 ሳምንት በላይ የሚመላለስ እንደኔ ዓይነት ሽፍታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከምግብ አለርጂ ጋር አይገናኝም።

በሉ፣ እንቁላል ልጠብስ ነው። ሐኪሙ ፈቅዶልኛል።