አጥር ከማጠራችሁ በፊት የምጠቁማችሁ ሰርቬየር

ኮተቤ ያለው የእናቴ ግቢ አጥሩ ቆርቆሮ ነበር። የዛገ፣ የተጣመመ፣ ከሥሩ ውሻ የሚሹለክበት። ዘንድሮ በብሎኬት ልንቀይረው ተነሳን። ግንበኛው በድሮው መስመር ላይ ሊቆፍር ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ ግን «መጀመሪያ ድንበሩ ይለካ» ብላ ድርቅ አለች። በሰው በሰው ያገኘነውን ሰርቬየር (የመሬት ቀያሽ) ዛሬ በአደባባይ ላመሰግነው ነው።

ገና በስልክ ስናወራ፣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት «የይዞታ ካርታው እጃችሁ ላይ አለ?» አለኝ። ፎቶውን ላኩለት። ማዕዘኖቹ የት እንዳሉ የሚያሳየው የኤክስ እና ዋይ ቁጥር መነበቡን አየ። ከቁጥሮቹ የሚወጣው ስፋት ካርታው ላይ ከተጻፈው ካሬ ጋር መግጠሙንም አሰላ። ቀጠሮ የሰጠን ከዚያ በኋላ ነው። ባይገጥም ኖሮ መጀመሪያ መሬት አስተዳደር ሂዱ ሊለን ነበር።

የአጎቴ ልጅ «ለዚህ ደግሞ ባለሙያ!» ብሎ ቁጥሮቹን ስልኩ ላይ አስገብቶ ነበር። ስልኩ ግቢያችንን ወስዶ ሌላ ሰው ቤት ላይ ጣለው። ሰርቬየሩ አልሳቀበትም። ካርታችን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት ሥርዓት እንደሆነ፣ ስልክ ደግሞ በሌላ እንደሚሠራ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሜትር በላይ እንደሚራራቁ አስረዳው። ያ ቢስተካከልም ስልክ በሜትር ይስታል። ጎረቤት የሚጣላው ግን በሳንቲ ሜትር ነው።

የመጣ ዕለት ማሽኑን ሳያወርድ የጎረቤት በር አንኳኳ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ድንበር ልንለካ ነው። ካልከበደዎት አጠገባችን ይቁሙልን። ካርታዎንም ይዘውልን ይምጡ።» ጋሼ ፊታቸውን አጨፍግገው ወጡ። በድንበር ጉዳይ ማን ይስቃል?

ቶታል ስቴሽኑን፣ ማለትም ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን ማሽን፣ ትሪፖዱ ላይ አቆመ። ረዳቱ ፕሪዝም (የማሽኑን ጨረር የሚመልስ መስታወት) ያለበትን ዘንግ ይዞ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ አለፍክ፣ በቃ!» እየተባለ ከጥግ ጥግ ዞረ። በየማዕዘኑ የብረት ችንካር ተመታ፣ አናቱ ቀይ ተቀባ፣ ሲባጎ ተወጠረ። ጉዱ ያኔ ወጣ። ቆርቆሯችን በጓሮ በኩል ወደ ጋሼ ግቢ 40 ሳንቲም ያህል ገብቷል። በመንገድ በኩል ደግሞ ከራሳችን ይዞታ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። «እስቲ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ አድርጋት» ያለ ዘመድ አልጠፋም። የምንከፍለው እኛ ነና! ሰርቬየሩ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ «ካርታው ባለበት ነው የምመታው» አለ። የጋሼን ካርታ ተቀብሎም አመሳከረው። መስመሩ አንድ ሆነ። ጋሼ ሲባጎውን ተከትለው እስከ ጥግ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ልጃቸውን «ቡና አፍይ» አሏት።

ሥራው በዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። ሰርቬየሩ ግን ግንበኛውን ጠርቶ ሲባጎው የግንቡ የውጭ ፊት እንጂ መሃሉ እንዳልሆነ አሳየው። ብሎኬቱ 20 ሳንቲም ቢሆንም ከሥሩ ያለው የድንጋይ መሠረት ይሰፋል፤ እሱም መስመሩን ማለፍ የለበትም። ቁፋሮው ችንካሮቹን እንደሚበላቸው ስለሚያውቅ ከእያንዳንዱ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ መመሳከሪያ ችንካር መታልን። እውነትም ዋናዎቹ ሲቆፈር ጠፉ። ግንበኛው በመመሳከሪያዎቹ መልሶ አገኛቸው።

ከአቅሙ በላይ አያወራም። የእሱ ልኬት ለእኛ ማወቂያ እንደሆነ፣ ክርክር ከመጣ የሚታየው የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ልኬት እንደሆነ፣ የአጥር ፈቃድ ሳናወጣ አንድ ብሎኬት እንዳናስቀምጥ ነግሮናል። ይዞታ ሲረጋገጥ ወሰንተኞች ድንበሩ ላይ መስማማታቸው ነገሩን እንደሚያቀለውም ጠቆመን። የፈረመበትን ንድፍ ለእኛም ለጋሼም በየግል ሰጠን።

ዋጋው ከጠየቅናቸው ሁሉ ርካሹ አይደለም። ስልክም ቶሎ አያነሳም፤ ማሽኑ ላይ ከሆነማ ጭራሽ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ካርታችሁን ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ቁጥሮቹ ካልተነበቡ ድጋሚ አንሱ ነው የሚላችሁ።