ዳገቱን ወጥቶ ለለካልን የማርቆስ መካኒክ ምስጋና

እግዜር ይስጠው! ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው መኪና ይዛችሁ የአባይን በረሃ የምትመላለሱ ሁሉ ይህን አንብቡት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ መካኒክ አለ። ስሜ አይጻፍ ስላለ አልጽፍም፤ ጋራዦቹ ጋ ደርሳችሁ «ዳገት ወጥቶ የሚለካው» ብትሉ ያሳዩአችኋል።

የእኛ መኪና 3.0 ዲፎርዲ (የናፍጣ ሞተር) ሃይሉክስ ናት። ቱርቦው ጨምቆ ያሞቀውን አየር ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው የፋብሪካው ኢንተርኩለር ከሞተሩ በላይ፣ ኮፈኑ ላይ ካለው የአየር መግቢያ ስር ይቀመጣል። ሜዳ ላይ ምንም አይላትም። 8 ኩንታል ሲሚንቶ ጭና ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ ግን እኩሌታው ላይ ጉልበቷ ይከዳና ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

ከእሱ በፊት የታየው አበሳ ብዙ ነው። አንዱ ጋ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ደህናው ቱርቦ ተቀየረ፤ ጭሱ እንዳለ ቀረ። ሌላው ጋ ትልቅ ኢንተርኩለር ከፊት ተገጠመ፤ ቱቦው የታሰረው ለውሃ ቱቦ በሚሆን ስስ ክላምፕ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ስለነበር በሁለተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ተፈናጥሮ ወጣ። ሙቀቱ መውረዱን በምን አወቃችሁ ሲባሉ የቆመ መኪና ላይ እጃቸውን ጭነው «ይኸው ቀዝቃዛ ነው!» ሦስተኞቹ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተው 38 ዲግሪ አነበቡና «ምንም የለባትም» አሉ። ያነበቡት ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ያለውን የሙቀት ሴንሰር ነው። እሱ የሚቀመጠው ከቱርቦው በፊት ስለሆነ የሚናገረው የውጭውን አየር ነው፤ ኢንተርኩለሩን ፈታችሁ ብትጥሉትም ቁጥሩ ያው ነው። ለዚህ ገንዘብ ተከፈለ።

የማርቆሱ ሰው አዲስ ዕቃ ግዙ አላለም። «ዕቃው ደህና ነው፣ አገጣጠሙ ነው» አለና ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን የአየር መስመር ሁለቱንም ጫፍ ደፍኖ በ1.5 ባር ግፊት አየር ሞላበት፤ የሳሙና ውሃ ቀባው። ታችኛው መታጠፊያ ላይ አረፋው እንደ ጠላ ገነፈለ። የብረት ቱቦው ጫፍ ልሙጥ ነበር። ጠርዝ ከሌለው ላስቲኩ የሚይዘው ነገር የለም፤ ውስጡ ዘይት ከነካው ደግሞ በግፊት ይንሸራተታል። ጫፉን ዙሪያውን በብየዳ ጠርዝ አወጣለት፣ ዘይቱን በአልኮል ጠረገ፣ ቱቦውን በሲሊኮን ቱቦ ቀይሮ በብሎን በሚጠብቅ ሰፊ ክላምፕ አሰረው። የኢንተርኩለሩን ሆድ በነጭ ጋዝ ካጠበ በኋላ በኮምፕሬሰር ነፍቶ አሳደረው። ይህን የሚቸኩል ሰው አያደርገውም፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ የተረፈ ነጭ ጋዝ ራሱ ነዳጅ ስለሚሆን ቁልፍ ብታጠፉም ሞተሩ አልቆም ሊል ይችላል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። አዲሱን፣ ያንን ከፊት የተገጠመውን ትልቁን፣ መልሶ ከመግጠሙ በፊት የፋብሪካውን መልሶ አሰረና መጀመሪያ እሱን ለካ። ሁለት የሙቀት መለኪያ ሽቦ ነው የተጠቀመው፤ አንዱ ከቱርቦው መውጫ፣ ሌላው ከኢንተርኩለሩ ቀጥሎ። በማግስቱ አዲሱን ገጥሞ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ከቀኑ 7 ሰዓት ደገመው። ሁለቱንም ቀን ሲሚንቶ በተጫነ መኪና፣ ምሳ ሳይበላ! የጠየቀው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው።

ድልድዩ አጠገብ የውጭው አየር 36 ዲግሪ ነበር። በፋብሪካው ኢንተርኩለር ከቱርቦ 138 ወጥቶ ሞተር የሚገባው 89 ሆነ። በአዲሱ 134 ወጥቶ 57 ገባ። ግፊቱ እኩል ከሆነ ይህ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አየር ነው፤ ጭሱ የጠፋውም በዚህ ነው። በዝግታ ስትወጡ ኮፈኑ ላይ ባለው ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው፣ ከስር ደግሞ ሞተሩ የፋብሪካውን ኢንተርኩለር ይጋግረዋል። ደጀን እየቀረበ ሲሄድ ውጭው ቢቀዘቅዝም አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ ይሽከረከራል፣ የበለጠም ያሞቃል። ኬላ ላይ ሲቆም ሁለቱም ይሞቃሉ፤ ከፊት የተገጠመው ግን መኪናዋ እንደተንቀሳቀሰች ቶሎ ይወርዳል።

የግፊት ብክነቱንም አልዘለለም፤ በኢንተርኩለሩ መግቢያና መውጫ መካከል 0.1 ባር ብቻ ነው። ዝም ብሎ ትልቅ ዕቃ መግዛት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ውስጡ ከታፈነ ያቀዘቀዘውን ያህል ግፊት ይበላል።

ጉዳቱንም አልደበቀም። ኢንተርኩለሩ ራዲያተሩ ፊት ስለተቀመጠ ዳገት ላይ የሞተሩ ውሃ ከ91 ወደ 97 ወጣ። በመካከላቸው ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ትቶ ጎንና ጎኑን በስፖንጅ ደፈነው፣ ነፋሱ ዞሮ እንዳያመልጥ። «ወንድምዓለም፣ በረሃውን ስትወጣ ኤሲውን አጥፋ። ሜዳ ላይ ደግሞ ልዩነት አትጠብቅ» አለ። ስንት መካኒክ ነው የሠራውን ሥራ ጉድለት ራሱ የሚናገር?

ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ ሂዱለት። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ፣ የቀየራችሁትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ክላምፑን ያለ ክፍያ ያጠብቃል። እስከዚያ ለራሳችሁ እንድታዩት ከቱቦው እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት ነጭ የቀለም መስመር ያሰምርላችኋል፤ መስመሯ ከተሰበረች ቱቦው ተንሸራቷል ማለት ነው። የእኛዋ እስካሁን ቀጥ እንዳለች ናት። እጁ ይባረክ!