የአባቴን ቴሌቪዥን ላዳኑልን ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ያ ቁም ሳጥን የሚያክለው የድሮ ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን ቤታችሁ ካለ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሥዕሉ ተበላሽቶ «አልቆለታል» የተባላችሁ ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ተክለሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደዚያ የወረዱት። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

የኛው 43 ኢንች ሶኒ ነው። አባዬ በ1998 ለጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ብሎ አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ ሰው ገዛው። ያኔ ግቢው በሙሉ ኳስ የሚያየው እኛ ቤት ነበር። በ2000 ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽም ቀነኒሳም በ10 ሺህ እና በ5 ሺህ ወርቅ ሲደራርቡ እማዬ እዚያ ስክሪን ፊት ቆማ እልልታዋን ስታቀልጠው አሁንም ይታየኛል። እማዬ አሁን የለችም። አባዬም ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከቤት አይወጣም። ፍላት እንግዛልህ ስንለው አይሰማም፣ እኛም መጎትጎቱን ተውነው። ለምን አትጥሉትም የምትሉ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ችግሩ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ከስር የሚያልፈው ጽሁፍ ጥላ አወጣ። ከዚያ የሰው ሁሉ ፊት በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ አበጀ። በመጨረሻ ኳስ ሲታይ አንዱ ተጫዋች ሦስት ሆነ። አባዬ እኮ ዓይኑ የደከመ መስሎት መነጽር ሊቀይር ነበር።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ስም አልጠራም። አንዱ በር ላይ ቆሞ፣ እንኳን ሊከፍተው ሳይነካው፣ «ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ለዕቃው ልግዛችሁ» አለን። ሌላው ዕቃው የሚመጣው ከዱባይ ነው ብሎ ቀብድ ተቀበለና ስልኩን ዘጋ። የመጨረሻው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ከሦስተኛ ፎቅ በዚያ ጠባብ ደረጃ ጎረምሶች ተሸክመው አወረዱትና መኪና ላይ ጭኖ ወሰደው፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰን ለምነን ሲመልስልን ሥዕሉ እንደነበረው ነው፣ የኋላው ብሎኖች ጎድለዋል፣ ውስጡ ያለው መስታወት ደግሞ ተጫጭሯል። የምርመራ ብሎም አስከፍሎናል! ምን አገኘህ ብዬ ስጠይቀው «አንቺ አይገባሽም» አለኝ። ቴክኒኩ አይገባኝም፣ እውነት ነው። ግን ገንዘቤን ከፍዬ የዕቃዬ በሽታ ምን እንደሆነ አይነገረኝም? አባዬ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ጋሼን ያገኘናቸው በጎረቤት በኩል ነው። ስደውልላቸው «ይዘሽው እንዳትመጪ፣ ባለበት ይታያል» አሉኝ። ከዚያ ጥያቄ ብቻ። አንዱ ቀለም ጨርሶ ጠፍቷል ወይስ ሦስቱም አሉ ግን አልገጠሙም? መሀሉ ላይ ነው የሚብሰው ወይስ ጥግ ጥጉ ላይ? ሲበራ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ነው የሚበላሸው? እስከዚያ ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ቤት መጡ፣ አባዬን ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት፣ ቡና ቀመሱ። ካቻቢቴ ሳያወጡ በፊት ሪሞቱን ጠየቁ። ስክሪኑ ላይ የመስመር መረብ አወጡ። ነጭ መሆን የነበረበት መስመር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ተበታትኗል። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው ከልቤ ያልወጣው። ወደ አባዬ ዞረው «አባቴ፣ ይህን ቴሌቪዥን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሁልጊዜ ከሚያዩበት ቦታ ይቀመጡልኝና የቱ እንደሚያስቸግርዎ ይንገሩኝ» አሉት። አባዬ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። በከዘራው እያመለከተ «እዚያ ጋ ልጄ፣ በግራ በኩል፣ ሰማያዊው ይሸሻል» ይላል፣ እሳቸው ተንበርክከው እያዩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከታመመ ጀምሮ ለሥራ ጉዳይ ሃሳቡን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ድምፁ ራሱ ተቀየረ።

ከሶኬት ነቅለውም ወዲያው አልከፈቱትም። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኮረንቲ ሊቆይ ይችላል ብለው ልጆቹን አራቁልን። ውስጡ ሦስት ቱቦ አለ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ብርሃናቸው መስታወቱ ላይ ነጥሮ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ሦስቱን አንድ ቦታ ላይ የሚያገጣጥሙት አይሲ የሚባሉት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው የሞቱት። ከዚህ በላይ ያሉትን አልተከታተልኩም። ግን አብርተው ሁለቱን ሌንስ በካርቶን እየሸፈኑ አንድ አንዱን ሲያሳዩን፣ ሰማያዊው ብቻ ጭጋግ እንደለበሰ በዓይናችን አየን። ቱቦው ፊት ያለው ፈሳሽ ደፍርሷል አሉ። ለካ በሽታው ሁለት ነበር።

የደበቁን ነገር የለም። መስታወቱ ማንጸባረቂያው የተቀባው ፊት ለፊቱ ላይ ስለሆነ በጨርቅ ከተፈተገ ይጫጫራል፣ «ይህ ጭረት አይለቅም፣ ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ግን አይታወቅም» አሉን። ሰማያዊው ቱቦ አርጅቷል፣ እንደ አዲስ ላደርገው አልችልም አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ቴሌቪዥን መሥራት ዓለም ትቶታል፣ እስከ መጨረሻ የቆየው ሚትሱቢሺ ነበር፣ እሱም በፈረንጆቹ 2012 አቆመ ብለው አስረዱን። ገበያ ላይ ያለው አይሲ ብዙው ፎርጅድ ነው ብለው ከሌላ የሞተ ቴሌቪዥን ያወጡትን ኦሪጅናል ገጠሙልን። ፈሳሹንም ቀየሩት። ዋጋውን ገና ሳይጀምሩ ነግረውን ነበር፣ ሲጨርሱም ሳንቲም አልጨመሩም።

ደግሞ ስሙኝ። ጎረቤታችን ያለው ከኛው በኋላ የወጣው ዓይነት ፕሮጀክሽን ነው፣ በቱቦ ፈንታ አምፖል ያለው። ስክሪኑን ነጫጭ ነጥብ ሲወርሰው አምፖል ቀይር ተብሎ ብዙ ብር ሊያወጣ ነበር። ጋሼ ገና ከበሩ አይተው «አምፖል ሲደክም ሥዕሉ ይጨልማል እንጂ ነጥብ አያበዛም። የሄደው ሥዕሉን የሚፈጥረው ቺፕ ነው፣ ብርህን ለአምፖል አታውጣ» አሉት። ሊከፍላቸው ቢል ምን ሠራሁና ብለው እምቢ አሉ። ሊሸጡለት የሚችሉትን ዕቃ አትግዛ የሚል ሰው የት ይገኛል?

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፣ ልጆችዎን ይባርክልዎት። አባዬ አሁን ከስር የሚያልፈውን ጽሁፍ ለኛ ያነብልናል።

እናንተም እባካችሁ እሳቸው ጋ ደውሉ። ፍላትም ይሠራሉ። ከመደወላችሁ በፊት ቀለሙ እንዴት እንደሚሆን በደንብ እዩ፣ ቢቻል በስልካችሁ ቪዲዮ ያዙ፣ ይጠይቋችኋል። ማንም መጥቶ መስታወቱን እንዳይወለውልላችሁ። ሳይመረምር ቀብድ የሚጠይቅ ካለ በሩን አሳዩት። ጋሼ እሁድ አይሠሩም። ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፣ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ ለሁላችሁም እልካለሁ።